የፌዴራል የወንጀል ክስና መከላከያ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች

የፌዴራል የወንጀል ክስ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት፣ ኮንግረስ ያወጣውን የወንጀል ሕግ ተላልፏል በሚለው ሰው ወይም ድርጅት ላይ በፌዴራል ፍርድ ቤት የሚመሠርተው ክስ ነው። ክሱን የሚያቀርበው የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ነው። ተከሳሹ በበኩሉ ራሱ ወይም በጠበቃው አማካይነት የሚያነሣው መቃወሚያ፣ የሚያቀርበው ማስረጃና ክርክር መከላከያ ይባላል።

ብዙ ሰው የአሜሪካን ችሎት የሚያውቀው በፊልም ነው። በፊልም ላይ የተከሳሹ ዕጣ የሚወሰነው ጠበቆች በጁሪ ፊት ሲከራከሩ ነው። በተግባር ግን እንዲህ ያለው ክርክር እምብዛም አይታይም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 በሰጠው ውሳኔ እንደጠቀሰው፣ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከሚሰጡት የጥፋተኝነት ውሳኔዎች 97 በመቶ የሚሆኑት ተከሳሹ ራሱ ጥፋቱን በማመኑ የተሰጡ ናቸው። ስለዚህ የአብዛኛው ተከሳሽ ጉዳይ የሚለየው ከሙሉ ክርክሩ በፊት ባሉት ደረጃዎች ማለትም በምርመራ፣ በዋስትና፣ በማስረጃ ምርመራና በድርድር ወቅት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ፌዴራልና ክፍላተ ግዛት

በአሜሪካ ሁለት ዓይነት የወንጀል ሕግ ጎን ለጎን ይሠራል። 50ዎቹ ክፍላተ ግዛት እያንዳንዳቸው የራሳቸው የወንጀል ሕግ፣ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና ፍርድ ቤት አሏቸው። ስርቆት፣ ድብደባ፣ ነፍስ ግድያና የመሳሰሉት አብዛኞቹ ወንጀሎች የሚዳኙት በክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ሊከስ የሚችለው ሕገ መንግሥቱ ሥልጣን በሰጠው ጉዳይ ብቻ ነው። ከእነዚህም መካከል የክፍላተ ግዛትን ወሰን የሚሻገር ንግድና መገናኛ፣ ፖስታ፣ ገንዘብ፣ ግብር፣ ኢሚግሬሽን፣ የፌዴራል ንብረትና የፌዴራል ሠራተኞች ይገኙባቸዋል። አብዛኞቹ የፌዴራል ወንጀሎች የተዘረዘሩት በአሜሪካ ሕጎች ስብስብ 18ኛ ክፍል ውስጥ ነው።

ይህ አደረጃጀት ከኢትዮጵያው ይለያል። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 መሠረት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የሚያወጣው የፌዴራሉ ምክር ቤት ሲሆን፣ ክልሎች ሕግ የሚያወጡት በፌዴራሉ ሕግ ባልተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ ነው። በአሜሪካ ግን ዋናው የወንጀል ሕግ የክፍላተ ግዛቱ ነው፤ የፌዴራሉ ውስን ነው።

አንድ ድርጊት ሁለቱንም ሕግ የሚጥስበት ጊዜ አለ። ሕገ መንግሥቱ አንድን ሰው በአንድ ወንጀል ሁለት ጊዜ መክሰስን ይከለክላል፤ ነገር ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክፍለ ግዛትንና ፌዴራሉን መንግሥት እንደ ሁለት የተለያዩ ሉዓላውያን ያያቸዋል። በ2019 በተወሰነው የጋምብል መዝገብ፣ በአላባማ በሕገ ወጥ የጦር መሣሪያ ይዞታ የተቀጣ ሰው በዚያው መሣሪያ ምክንያት በፌዴራል ፍርድ ቤት እንደገና መከሰሱ ሕጋዊ ነው ተብሏል።

የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሦስት እርከን አላቸው። በመጀመሪያ ደረጃ ጉዳዩን የሚያዩት 94 የወረዳ ፍርድ ቤቶች ናቸው። ከእነሱ በላይ 13 የይግባኝ ፍርድ ቤቶች፣ በመጨረሻም ዘጠኝ ዳኞች ያሉት ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ። የየወረዳው ዋና ዐቃቤ ሕግ በፕሬዚዳንቱ ታጭቶ በሴኔት ይጸድቃል። ምርመራውን የሚያካሂዱት እንደ ጉዳዩ ዓይነት ኤፍ.ቢ.አይ.፣ የአደንዛዥ ዕፅ ተቆጣጣሪው፣ የግብር መሥሪያ ቤቱ፣ የፖስታ መርማሪዎችና ሌሎች ናቸው።

የተለመዱ የክስ ዓይነቶች

በፌዴራል ፍርድ ቤት በብዛት የሚታዩት ክሶች የአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር፣ የኢሚግሬሽን ጥሰት፣ የጦር መሣሪያና የማጭበርበር ክሶች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ሰፊ ተፈጻሚነት ያላቸው ጥቂቶቹ የሚከተሉት ናቸው።

በመገናኛ መስመር የሚፈጸም ማጭበርበር፦ በስልክ፣ በኢሜይል ወይም በኢንተርኔት ተጠቅሞ ገንዘብ ወይም ንብረት ለማታለል ማሰብን የሚመለከት ነው። ቅጣቱ እስከ 20 ዓመት እስራት ይደርሳል።

የወንጀል ስምምነት (አድማ)፦ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ወንጀል ለመፈጸም ሲስማሙ የሚቀርብ ክስ ነው። የታሰበው ወንጀል ባይፈጸምም ስምምነቱ ሊያስጠይቅ ይችላል። በዚህ ክስ በሥራው ትንሽ ድርሻ የነበረው ሰው ከዋናው አድራጊ ጋር በአንድ መዝገብ ሊከሰስ ይችላል።

ለፌዴራል ባለሥልጣን የሐሰት ቃል መስጠት፦ ቃሉ በመሐላ ያልተሰጠ ቢሆንም፣ ለጉዳዩ ጠቃሚ በሆነ ነገር ላይ አውቆ መዋሸት እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። በዋናው ጉዳይ ምንም ጥፋት የሌለበት ሰው በድንጋጤ በሰጠው የተሳሳተ መልስ ራሱን ለአደጋ ሊያጋልጥ የሚችለው በዚህ ሕግ ነው።

የኮምፒውተር ማጭበርበርና አላግባብ መጠቀም፦ በ1986 የወጣው ሕግ ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር መግባትንና የተፈቀደን መዳረሻ ማለፍን ይከለክላል። «የተፈቀደን ማለፍ» የሚለው ሐረግ ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። በ2021 በተወሰነው የቫን ቢውረን መዝገብ፣ ተከሳሹ በጆርጂያ የፖሊስ ባልደረባ ነበር። በሥራው ምክንያት በተሰጠው የይለፍ ቃል ተጠቅሞ በገንዘብ የመኪና ሰሌዳ መረጃ በማውጣቱ ተከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ ሕጉ የሚመለከተው ሰውየው ፈጽሞ መግባት ወደማይችልበት የመረጃ ክፍል መግባቱን እንጂ፣ የተፈቀደለትን መረጃ ለመጥፎ ዓላማ ማየቱን አይደለም ሲል ወሰነ። ውሳኔው ባይኖር ኖሮ በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የግል ጉዳይ ማየት ሳይቀር ወንጀል ሊሆን ይችል ነበር የሚል ሥጋት በውሳኔው ውስጥ ተጠቅሷል።

ከምርመራ እስከ ክስ

የፌዴራል ምርመራ ብዙ ጊዜ የሚካሄደው ተጠርጣሪው ሳይያዝ፣ አንዳንዴም ሳያውቅ ነው። መርማሪዎች የባንክ ሰነድ ይሰበስባሉ፣ በፍርድ ቤት ፈቃድ ስልክ ይጠልፋሉ፣ ምስክር ያነጋግራሉ። ለአብዛኞቹ የፌዴራል ወንጀሎች የይርጋው ጊዜ 5 ዓመት በመሆኑ ዐቃቤ ሕግ ለመዘጋጀት ሰፊ ጊዜ አለው። ተከሳሹ ሲያዝ መዝገቡ በአብዛኛው ያለቀ ነው።

5ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ማንም ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም ይላል። ከ1966ቱ የሚራንዳ ውሳኔ ወዲህ ፖሊስ በቁጥጥር ሥር ያዋለውን ሰው ከመጠየቁ በፊት ዝም የማለትና ጠበቃ የማግኘት መብት እንዳለው ሊነግረው ይገባል። ይህ ግዴታ የሚመለከተው የተያዘን ሰው ነው። መርማሪ ቤት መጥቶ በር አንኳኩቶ ለሚጠይቀው ሰው ማስጠንቀቂያውን የመስጠት ግዴታ የለበትም፤ ሰውየውም የመመለስ ግዴታ የለበትም። የመከላከያ ጠበቆች ዝም ማለት ከመዋሸት ይሻላል የሚሉት ለዚህ ነው፤ ዝምታ መብት ነው፣ ውሸት ግን ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ከአንድ ዓመት በላይ በሚያሳስር የፌዴራል ወንጀል ክስ ለመመሥረት የግራንድ ጁሪ ፈቃድ ያስፈልጋል። ግራንድ ጁሪ ከሕዝብ የተውጣጡ ከ16 እስከ 23 ሰዎች ያሉበት ጉባኤ ነው። ስብሰባው ምስጢራዊ ነው፤ ዳኛ አይመራውም፣ የተጠርጣሪውም ጠበቃ አይገባም። የዐቃቤ ሕግን ማስረጃ ብቻ ሰምቶ ቢያንስ 12 አባላት ወንጀሉ ተፈጽሟል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት አለ ካሉ ክሱ ይጸድቃል። በመሆኑም ክስ መጽደቁ የጥፋተኝነት ማረጋገጫ አይደለም። ተከሳሹ ፈቅዶ ይህን መብቱን ከተወ፣ ወይም ወንጀሉ ቀላል ከሆነ፣ ዐቃቤ ሕግ ያለ ግራንድ ጁሪ በጽሑፍ ብቻ ሊከስ ይችላል።

የመጀመሪያ ቀርቦትና ዋስትና

የተያዘ ሰው ያለ አላስፈላጊ መዘግየት ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። በዚያ ቀን የተከሰሰበት ጉዳይ ይነገረዋል፣ አቅም ከሌለው ጠበቃ ይመደብለታል። እንግሊዝኛ በደንብ የማይሰማ ተከሳሽ በ1978 በወጣው የችሎት አስተርጓሚዎች ሕግ መሠረት በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ያገኛል። የውጭ አገር ዜጋ ከሆነ ደግሞ በ1963ቱ የቪየና ስምምነት መሠረት የአገሩ ቆንስላ እንዲያውቅለት መጠየቅ ይችላል።

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ዋስትና ነው። በ1984 የወጣው የዋስትና ማሻሻያ ሕግ ዳኛው ሁለት ነገር እንዲመዝን ያዛል፦ ተከሳሹ ይጠፋል ወይ? ቢለቀቅስ ለሌላ ሰው ወይም ለኅብረተሰቡ አደገኛ ነው ወይ? ፍርድ ሳይሰጥ በአደገኛነት ብቻ ማሰር ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል የሚል ክርክር ቀርቦ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1987 በሳሌርኖ መዝገብ ሕጉን አጽንቶታል። በፌዴራል ፍርድ ቤት ዋናው ነገር ገንዘብ ማስያዝ አይደለም። ዳኛው ፓስፖርት እንዲያስረክብ፣ ከተወሰነ ቦታ እንዳይወጣ፣ የኤሌክትሮኒክ መከታተያ በእግሩ እንዲያደርግ ሊያዝ ይችላል። እንዲያውም ሕጉ ተከሳሹ ሊከፍለው በማይችለው የገንዘብ መጠን ምክንያት ታስሮ እንዲቀር ማድረግን ይከለክላል። በከባድ የዕፅ ዝውውር ክስ ግን መነሻው መታሰር ነው፤ ይህን ግምት የማፍረስ ሸክም ተከሳሹ ላይ ይወድቃል።

ይህ ደረጃ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። ውጭ ሆኖ የሚከራከር ተከሳሽ ሥራውን ይይዛል፣ ከጠበቃው ጋር እንደልቡ ይገናኛል፣ ማስረጃ ይፈልጋል። እስር ቤት ያለው ግን ቶሎ ለመገላገል ሲል ድርድር የመቀበል ዝንባሌው ይጨምራል። ለስደተኛ ደግሞ በውጭ አገር ቤተሰብ ያለው መሆኑ ይጠፋል ለሚለው ክርክር መነሻ ሊሆን ስለሚችል፣ ጠበቆች በከተማው ያለውን ቤተሰብ፣ ሥራና ማኅበራዊ ትስስር ለዳኛው ለማሳየት ይጥራሉ።

ክሱ ከጸደቀ በኋላ ተከሳሹ የእምነት ክህደት ቃሉን ይጠየቃል። በመጀመሪያው ቀን አብዛኛው ተከሳሽ «ጥፋተኛ አይደለሁም» ይላል፤ ይህ መዋሸት ሳይሆን ማስረጃውን ለማየት ጊዜ የማግኛ ሥርዓት ነው። በ1974 የወጣው ሕግ ክሱ ከመያዝ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመሠረት፣ ክርክሩም ክሱ ከጸደቀ ወይም ተከሳሹ ችሎት ከቀረበ በኋላ በ70 ቀን ውስጥ እንዲጀመር ያዛል። ሆኖም ሕጉ የማይቆጠሩ ቀናትን ስለሚፈቅድ ብዙ መዝገብ ከዚህ ይረዝማል።

የመከላከያ ጠበቃ

6ኛው ማሻሻያ ተከሳሽ በጠበቃ የመታገዝ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1938 ለፌዴራል ተከሳሾች፣ በ1963 ደግሞ በታዋቂው የጊዲየን ውሳኔ ለክፍላተ ግዛት ተከሳሾች፣ ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ለሌለው ሰው መንግሥት ጠበቃ እንዲመድብ አዟል። በ1964 የወጣ ሕግ ለፌዴራል ተከላካይ ጠበቆች ክፍያ መሠረት ጣለ። ዛሬ የፌዴራል ተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤቶች ደመወዝተኛ ጠበቆች አሏቸው፤ ከእነሱም ሌላ ፍርድ ቤቱ ከመዘገባቸው የግል ጠበቆች ዝርዝር ይመድባል። እነዚህ ጠበቆች ዘወትር በዚያው ፍርድ ቤት ስለሚሠሩ የፌዴራልን ሕግ ከማይሠራበት ውድ ጠበቃ የተሻለ ሊያውቁት ይችላሉ።

የጠበቃ ድክመት በራሱ ፍርድን ላያስለውጥ ይችላል። በ1984ቱ የስትሪክላንድ ውሳኔ መሠረት ተከሳሹ ጠበቃው ከሙያው ደረጃ በታች መሥራቱን ብቻ ሳይሆን፣ በደንብ ቢሠራ ኖሮ ውጤቱ ሊለወጥ ይችል እንደነበርም ማሳየት አለበት።

ማስረጃን መመርመርና መቃወም

ዐቃቤ ሕግ ያሉትን ሰነዶች፣ የተከሳሹን ቃልና የምርመራ ውጤቶች ለመከላከያው ማሳየት አለበት። ከሁሉ በላይ፣ ከ1963ቱ የብሬዲ ውሳኔ ወዲህ ለተከሳሹ የሚጠቅምን ጠቃሚ ማስረጃ መደበቅ ሕገ መንግሥቱን መጣስ ነው።

4ኛው ማሻሻያ ያለ በቂ ምክንያት ብርበራን ይከለክላል። ከ1914 ጀምሮ በሕገ ወጥ ብርበራ የተገኘ ማስረጃ በፌዴራል ችሎት ውድቅ ሊደረግ ይችላል። ይህ ጥበቃ ከቴክኖሎጂ ጋር አብሮ እየተተረጎመ መጥቷል። በ2014 በራይሊ መዝገብ ፖሊስ የያዘውን ሰው ሞባይል ውስጥ ለማየት የብርበራ ትዕዛዝ ያስፈልገዋል ተባለ። በ2018 በካርፔንተር መዝገብ ደግሞ መንግሥት ያለ ብርበራ ትዕዛዝ ከስልክ ኩባንያዎች የ127 ቀን የቦታ መረጃ፣ በድምሩ 12,898 ነጥቦችን ወስዶ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ ይህም ትዕዛዝ ያስፈልገዋል አለ። የካርፔንተር ቅጣት ግን አልተሻረም፤ መርማሪዎቹ የሠሩት በወቅቱ በነበረው ሕግ በቅን ልቦና ነው በሚል ይግባኝ ፍርድ ቤቱ አጽንቶታል።

የጥፋተኝነት ድርድር

በድርድር ተከሳሹ ከክሶቹ አንዱን ወይም ጥቂቱን ያምናል፤ ዐቃቤ ሕግ በምላሹ ሌሎቹን ይተዋል ወይም ዝቅ ያለ ቅጣት እንዲሰጥ ይጠይቃል። የፌዴራል ዳኛ በድርድሩ መግባት አይችልም። ነገር ግን እምነቱን ከመቀበሉ በፊት ተከሳሹን በግልጽ ችሎት ይጠይቃል፦ የሚተዋቸውን መብቶች ተረድቷል ወይ? ተገዶ ወይም ያልተጻፈ ተስፋ ተሰጥቶት ነው ወይ? ለእምነቱ መሠረት የሚሆን ፍሬ ነገር አለ ወይ?

ድርድርን ተመራጭ የሚያደርገው በክርክር የመሸነፍ ዋጋ ነው። ብዙ የዕፅና የመሣሪያ ክሶች ዳኛው ሊቀንሰው የማይችል ዝቅተኛ ቅጣት አላቸው፤ የትኛውን ክስ ማቅረብ እንዳለበት የሚመርጠው ደግሞ ዐቃቤ ሕግ ነው። የዚህን ሥልጣን ስፋት የሚያሳየው በ1978 የተወሰነ የኬንታኪ መዝገብ ነው። 88 ዶላር ከ30 ሳንቲም በተጻፈበት የሐሰት ቼክ የተከሰሰ ሰው ካመነ 5 ዓመት እንደሚጠየቅበት፣ ካላመነ ግን በደጋጋሚ ወንጀለኛ ሕግ እንደሚከሰስ ተነገረው። አላመነም፤ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ የዐቃቤ ሕጉ አካሄድ ሕገ መንግሥቱን አልጣሰም አለ። ደጋፊዎች ድርድር ጊዜና ወጪ ይቆጥባል፣ ለተከሳሹም ቁርጡን ያሳውቀዋል ይላሉ። ተቺዎች ደግሞ ንጹሕ ሰው እንኳ ፈርቶ እንዲያምን ያደርጋል ይላሉ።

የአሜሪካ ዜግነት ለሌለው ሰው የእምነት ቃል ሌላ መዘዝ አለው። የመኖሪያ ፈቃድ ቢኖረውም በአንዳንድ ወንጀሎች ጥፋተኛ መባል ወደ አገር መባረርን ያስከትላል። በ2010 የተወሰነው የፓዲያ መዝገብ ባለቤት በሆንዱራስ የተወለደ፣ በአሜሪካ ከ40 ዓመት በላይ የኖረና በቬትናም ጦርነት የአሜሪካ ወታደር የነበረ ሰው ነው። ጠበቃው ረጅም ጊዜ ስለኖርክ አታስብ ብሎት በዕፅ ክስ አመነ፤ ቅጣቱ ግን የመባረር በር ከፈተበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ለደንበኛው የመባረርን አደጋ የመንገር ግዴታ አለበት ሲል ወሰነ። ውሳኔው በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ ዜግነት ያላገኘን ስደተኛ ሁሉ ይመለከታል።

ክርክር በጁሪ ፊት

ድርድር ካልተደረሰ ጉዳዩ 12 አባላት ላሉት ጁሪ ይቀርባል። ተከሳሹ እንደ ንጹሕ ይገመታል፤ ዐቃቤ ሕግ እያንዳንዱን የወንጀሉን ፍሬ ነገር ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳት አለበት። ምስክሮች በዋና ጥያቄና በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈተናሉ። ተከሳሹ ላይመሰክር ይችላል፤ ዝምታውም በጥፋተኝነት ማስረጃነት አይወሰድበትም። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ መሆን አለበት።

መከላከያው ምንም ማስረጃ ሳያቀርብ የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ በቂ አይደለም ብሎ ብቻ መከራከር ይችላል። ከዚህ ሌላ ተከሳሹ በሌላ ቦታ ነበር፣ የማጭበርበር ሐሳብ አልነበረውም፣ ወይም መንግሥት ራሱ ወደ ወንጀሉ ገፋፋው የሚሉ መከላከያዎች አሉ። የአእምሮ ሕመም መከላከያ ከ1984 ወዲህ በፌዴራል ሕግ ጠብቧል፤ የማስረዳት ሸክሙም በተከሳሹ ላይ ነው። ጁሪው ነጻ ካለው ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ማለት አይችልም።

የቅጣት አወሳሰን

ቅጣት የሚወስነው ዳኛው ነው። ከ1987 ጀምሮ የሚሠራው የቅጣት አወሳሰን መመሪያ 43 የወንጀል ደረጃዎችንና 6 የቀድሞ ጥፋት ምድቦችን በሠንጠረዥ አጋጥሞ የእስራት ወራትን ያሰላል። ከ2005ቱ የቡከር ውሳኔ ወዲህ መመሪያው አስገዳጅ መሆኑ ቀርቶ ዳኛው የሚያማክረው ሆኗል። በአዲሱ ሥርዓት በፌዴራል እስራት አመክሮ ቀርቷል፤ መልካም ጠባይ ያሳየ እስረኛ ሊቀነስለት የሚችለው በዓመት እስከ 54 ቀን ነው። ሕጉ ራሱም ተለውጧል፤ በክራክና በዱቄት ኮኬይን መካከል የነበረው የ100 ለ1 የክብደት ልዩነት በ2010 ወደ 18 ለ1 ወርዷል።

ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የተያያዘ መዝገብ

በዴንቨር፣ ኮሎራዶ የታየ አንድ መዝገብ የፌዴራል ክስ እንዴት እንደሚዋቀር በግልጽ ያሳያል። ተከሳሹ በቀይ ሽብር ዘመን በአዲስ አበባ በከፍተኛ 15 እስር ቤት ጠባቂ የነበረ ሰው ነው። በሌላ ሰው ስምና ታሪክ በስደተኝነት አሜሪካ ገብቶ ዜግነት አገኘ። የቀድሞ እስረኞች ካወቁት በኋላ በ2012 ተያዘ። በኢትዮጵያ በተፈጸመው ግፍ ግን አልተከሰሰም። በውጭ አገር የተፈጸመን የማሰቃየት ተግባር የሚቀጣው የአሜሪካ ሕግ የወጣው በ1994 ነው፤ ሕገ መንግሥቱም ሕግን ወደ ኋላ ተመልሶ ማስፈጸምን ይከለክላል። ስለዚህ ክሱ ዜግነትን በሕገ ወጥ መንገድ ማግኘት፣ የኢሚግሬሽን ሰነድ ማጭበርበርና የሌላ ሰው ማንነት መጠቀም ሆነ።

ጁሪው በ2013 ጥፋተኛ አለው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ክሶች ከፍተኛው ቅጣት እያንዳንዳቸው 10 ዓመት ነበር፤ ለማንነት ስርቆቱ ደግሞ ሕጉ በሌሎች ቅጣቶች ላይ የሚደመር 2 ዓመት ያስገድዳል። ዳኛው በእስር ቤቱ የተሠቃዩ ሰዎች የተናገሩትን ከግምት አስገብቶ በ2014 ከመመሪያው ስሌት በእጅጉ ከፍ በማድረግ ሦስቱንም ደምሮ 22 ዓመት ፈረደ። ተከሳሹ ይግባኝ ቢልም ፍርዱ ጸንቷል።

ይግባኝና ከዚያ በኋላ

ጥፋተኛ የተባለ ሰው ፍርዱ ከተመዘገበ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ የይግባኝ ማስታወቂያ ማቅረብ አለበት። ይግባኝ ፍርድ ቤቱ ምስክር እንደገና አይሰማም፤ የሕግ ስህተት መኖሩን ከመዝገቡ ይመረምራል። በድርድር ያመነ ሰው ብዙ ጊዜ የይግባኝ መብቱንም በስምምነቱ ይተዋል። ይግባኙ ካለቀ በኋላ፣ ለምሳሌ ጠበቃው አላገለገለኝም የሚል እስረኛ፣ በአብዛኛው በአንድ ዓመት ውስጥ ለፈረደበት ፍርድ ቤት አቤቱታ ሊያቀርብ ይችላል። ከፍርድ ቤት ውጭ ያለው የመጨረሻ መንገድ የፕሬዚዳንቱ ይቅርታ ነው፤ ይህም የሚሠራው ለፌዴራል ወንጀል ብቻ ሲሆን በክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት የተቀጣን ሰው አይመለከትም።